ድምፅን በብርሃን ማውጣት፤ ፉባር 2000 እና የኦፕቲካል መቀየሪያ ሳጥን በባሕር ዳር ቤት

ኮምፒውተሩን ዋነኛ የሙዚቃ ማጫወቻው ያደረገ ሰው ድምፁ አልጥም ባለው ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስፒከር ስለመቀየር ነው። እኔ ግን ቤቴ ውስጥ አገናኝቼ እየተጠቀምኩበት ያለውን መንገድ ካየሁ በኋላ፣ ከስፒከሩም ከአምፕሊፋየሩም በፊት መለወጥ ያለበት ድምፁ ከኮምፒውተሩ የሚወጣበት በር ነው ብዬ አምናለሁ። እዚህ የምገመግማቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ፉባር 2000 የተባለው በነጻ የሚገኝ የዊንዶውስ ሙዚቃ ማጫወቻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ባሕር ዳር መሀል ከተማ ባሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ለቴሌቪዥን ተብሎ የሚሸጠው፣ የአምራች ስም የሌለበት፣ ዲጂታል ድምፅን (በቁጥር የተጻፈውን) ወደ አናሎግ (አምፕሊፋየር ወደሚቀበለው የኤሌክትሪክ ሞገድ) የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ነው። ሁለቱም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም፤ የሚጠይቁት ትዕግሥትና በትክክል ማስተካከልን ነው።

ችግሩን በገና የሚያዳምጥ ሰው ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል። የበገና ድምፅ ዝቅ ያለና ነዛሪ ነው፤ ያ ነዛሪነት የሚመጣው በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከምትገባው ትንሽ ቆዳ፣ ከእንዝራ ነው። ኮምፒውተሩ በተለመደው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በኩል ከአምፕሊፋየር ጋር ሲገናኝ ደግሞ ከበስተጀርባ ዝም የማይል ወፍራም ጉርምርምታ ይፈጠራል፤ ይህም የእኛ የመብራት ኃይል የሚመላለስበት የ50 ኸርዝ ድምፅና የእሱ እጥፍ የሆነው 100 ኸርዝ ነው። ይህ ድምፅ ከበገናው ጋር በአንድ መደብ ላይ ስለሚያርፍ፣ አድማጩ የትኛው ከእንዝራ፣ የትኛው ከሶኬት እንደመጣ መለየት ያቅተዋል። በፈጣን የዘፈን ምት ውስጥ የሚሸፈነው ጉድለት እዚህ ላይ ገሃድ ይወጣል፤ ደርዳሪው ፋታ ሲወስድ የሚቀረው ዝምታ ዝምታ አይሆንም።

የጉርምርምታው ምንጭ በአብዛኛው የሙዚቃው ፋይልም ሆነ ስፒከሩ አይደለም። ኮምፒውተሩና አምፕሊፋየሩ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ገመድ ከመብራት መስመር ጋር የተያያዙ ናቸው፤ በመካከላቸው በጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሚሰካው የኦክስ ኬብል ሲዘረጋ ሁለቱን የሚያገናኝ ሌላ የመዳብ መንገድ ይከፈታል፤ የሁለቱ መሣሪያዎች የግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርደው መስመር) ቮልቴጅ ትንሽም ቢሆን ልዩነት ካለው በዚያ መንገድ ጅረት ይዞራል፤ አምፕሊፋየሩም ያንን ከሙዚቃው ለይቶ ስለማያውቅ አብሮ ያጎላዋል። የግራውንድ ሽቦ በአግባቡ ባልተዘረጋበት ቤት፣ ወይም ሁሉም ነገር በአንድ ያረጀ ማከፋፈያ ላይ በተሰካበት ክፍል ውስጥ ይህ ይብሳል። በዚያ ላይ የኮምፒውተሩ የውስጥ የድምፅ ክፍል ከፕሮሰሰሩና ከግራፊክስ ካርዱ ጋር አንድ ሰሌዳ ስለሚጋራ፣ ማውሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስፒከሩ ውስጥ ቀጭን የመቧጨር ድምፅ የሚሰማበት ጊዜ አለ። የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሙዚቃውን አቁሞ፣ አምፕሊፋየሩን ከፍ አድርጎ፣ አንድ ገጽ ወደ ላይና ወደ ታች ቢያንቀሳቅስ ይህንኑ ራሱ ሊያረጋግጥ ይችላል።

የኦፕቲካል መስመሩ ይህንን የሚያስቀረው እጅግ ቀላል በሆነ ምክንያት ነው፤ በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል መዳብ የለም። ቶስሊንክ የተባለውን ይህን አገናኝ ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው ሲሆን፣ ድምፁን ቁጥር አድርጎ በቀይ ብርሃን ብልጭታ በፕላስቲክ ጭረት ውስጥ ይልከዋል። ብርሃን ጉርምርምታን አይሸከምም። ብዙ የዴስክቶፕ ማዘርቦርዶች ከኋላቸው ትንሽ መዝጊያ ያላት አራት ማዕዘን ቀዳዳ አላቸው፤ ባለቤቶቻቸው ግን ለዓመታት ሳይነኳት ይኖራሉ። ኮምፒውተሩ በርቶ መዝጊያዋ ሲገፋ ውስጧ ቀይ ብርሃን ከታየ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 በፊት የተሠሩ በርካታ የማክቡክ ኮምፒውተሮችም ይኸው ብርሃን በጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳቸው ውስጥ አላቸው፤ ለእነሱ ጫፉ ክብ የሆነ ልዩ ኬብል ያስፈልጋል። አብዛኛው ላፕቶፕ ግን ይህ የለውም፤ የዚህን ጉዳይ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሳጥኗ ከክብሪት ቤት ጥቂት የምትበልጥ ጥቁር ብረት ናት። በአንድ ጎኗ የኦፕቲካልና የኮአክሲያል (በመዳብ ሽቦ የሚመጣ ዲጂታል ድምፅ) መግቢያ፣ በሌላው ጎኗ ቀይና ነጭ የድምፅ መውጫ አለ፤ የምትሠራው በ5 ቮልት ነው። ሻጩ ስለ እሷ የነገረኝ «ጋሼ፣ ይቺ የፍላት ቴሌቪዥን ናት፤ ከድሮ ቴፕ ጋር ታገናኛለች» የሚል ብቻ ነበር፤ ስለ ኮምፒውተር አላነሳም፤ ብዙ ደንበኛም የሚገዛት ለዚያው ለቴሌቪዥን ነው። አብሯት የሚመጣው የኦፕቲካል ኬብል አጭርና ቀጭን ስለሆነ፣ አምፕሊፋየሩ ከኮምፒውተሩ ራቅ ያለ ቦታ ላይ ካለ ሌላ ኬብል መግዛት ይሻላል። በተለመደው የፕላስቲክ ኬብል እስከ 5 ሜትር ድረስ ያለ ሥጋት መሄድ ይቻላል፤ ከ10 ሜትር በላይ ለሚሆን ርቀት ግን፣ ለምሳሌ ጣና ዳር ላይ ሰፊ ግቢ ላለው ምግብ ቤት፣ ይህንን መንገድ አልመክርም። ኬብሉ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ በደንብ አይታጠፍም፤ ጠርዝ ላይ ሰብሮ በሚስማር ማሰር ውስጡን ይሰነጥቀዋል። አዲስ ኬብል ጫፎቹ ላይ ብርሃን የምታሳልፍ የፕላስቲክ ቆብ ስላለች፣ ሳትወልቅ ከተሰካች ኬብሉ አይገባም፤ በግድ ከተገፋም ቀዳዳው ይበላሻል። የወለቁትን ቆቦች አለመጣል ጥሩ ነው፤ የበጋው አቧራ በገባበት ቀዳዳ ውስጥ ብርሃኑ ይደክማል።

ስለ ሳጥኗ የኃይል ምንጭ አንድ ጉዳይ ላይ ጥቂት መቆየት አለብኝ፤ ምክንያቱም የሥራው ሁሉ ውጤት የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። ሳጥኗ በ5 ቮልት ስለምትሠራና ገመዷም ዩኤስቢ ስለሆነ፣ የማንኛውም ሰው እጅ የሚሄደው ከጎኑ ወዳለው የኮምፒውተሩ ዩኤስቢ ቀዳዳ ነው። ይህ ከተደረገ በኦፕቲካል ኬብሉ የተቆረጠው የመዳብ መንገድ በኃይል ገመዱ በኩል ተመልሶ ይገናኛል፤ ጉርምርምታውም ከነሙሉ ክብሩ ይመለሳል። ገዢው ደግሞ «ኦፕቲካል የተባለው ውሸት ነው» ብሎ ሳጥኗን ይጥላታል። ስለዚህ ኃይሏ ከስልክ ቻርጀር መምጣት አለበት፤ እሱም ቢሆን ደህና ቻርጀር ይሁን፤ በጣም ርካሽ የሆኑት ቻርጀሮች የራሳቸውን ቀጭን ፉጨት ያስገባሉ። በፓወር ባንክ መጠቀምም ይቻላል፤ ከሁሉም ጸጥ ያለ ምንጭ እሱ ነው። ሆኖም ሳጥኗ የምትስበው ኃይል በጣም አነስተኛ ስለሆነ አንዳንድ ፓወር ባንኮች ምንም ያልተሰካባቸው መስሏቸው በመሀል ራሳቸውን ያጠፋሉ።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ ልግባ። ፉባር 2000 በፒተር ፓውሎውስኪ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2002 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ሲሆን፣ መልኩ ደረቅ፣ ጌጥ የሌለው፣ ክብደቱም ለአሮጌ ኮምፒውተር እንኳ የማይከብድ ነው። በግዕዝ ፊደል የተጻፉ የዘፈንና የአርቲስት ስሞችን ያለችግር ያሳያል። ይህን ማጫወቻ ከሌሎች ያስመረጠኝ ግን መልኩ ሳይሆን የድምፅ መውጫውን ለተጠቃሚው በግልጽ ማስረከቡ ነው።

ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ የሁሉንም ፕሮግራም ድምፅ አንድ ላይ ይቀላቅላል። ከብራውዘር የሚመጣውን፣ የቴሌግራም መልእክት ሲገባ የሚሰማውን ደወልና ሙዚቃውን ወደ አንድ የናሙና ፍጥነት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) ቀይሮ፣ ደምሮ ያወጣል። ይህ ፍጥነት ብዙ ጊዜ 48 ኪሎኸርዝ ላይ የተቀመጠ ነው። ሲዲ ግን እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ እያንዳንዱ ናሙና በ16 ቢት ተጽፎ ነው የሚቀዳው፤ በሁለቱም ቻናል (በግራና በቀኝ) ሲታሰብ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይሆናል። ስለዚህ ከሲዲ የተገለበጠ አልበም በዊንዶውስ ቅልቅል ውስጥ ሲያልፍ እያንዳንዱ ናሙና እንደገና ይሰላል። ልዩነቱ ሁሉም ጆሮ የሚለየው ነው ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ቁጥሩን ሳይነካ ማድረስ እየተቻለ መንካት ለምን ያስፈልጋል? ዋሳፒ የተባለውና ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የመጣው መንገድ፣ አንድ ፕሮግራም የድምፅ መውጫውን ለብቻው እንዲይዝ ይፈቅዳል። ያን ጊዜ ቅልቅሉ ይቀርና ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር እንዳለ ወደ ብርሃኑ ይገባል።

ማስተካከሉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በዊንዶውስ የሳውንድ ማስተካከያ ውስጥ፣ ፕሌይባክ በሚለው ዝርዝር ስር፣ ብዙ ጊዜ ሪልቴክ ዲጂታል አውትፑት በሚል ስም የሚታየው መውጫ ኢኔብል መሆኑ ይታያል፤ በዝርዝሩ ከሌለ በባዶው ቦታ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ የተደበቁት እንዲታዩ ማዘዝ ያስፈልጋል። ከዚያ ፕሮፐርቲስ ተከፍቶ አድቫንስድ በሚለው ገጽ ላይ፣ ፕሮግራሞች መውጫውን ለብቻቸው እንዲይዙ የሚፈቅዱት ሁለቱ የምርጫ ቦታዎች ምልክት ይደረግባቸዋል። ሰፖርትድ ፎርማትስ በሚለው ገጽ ላይ ደግሞ የናሙና ፍጥነቶቹን አንድ በአንድ በቴስት ቁልፍ መሞከር ጊዜ የሚያጠፋ ቢመስልም፣ ሳጥኗ የምትቀበለውን ከማትቀበለው አስቀድሞ ለማወቅ ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው። የእኔዋ ሳጥን ማሸጊያ ላይ 192 ኪሎኸርዝ ተብሎ ተጽፏል፤ በኦፕቲካል መስመሩ ግን እስከ 96 ድረስ ያለችግር ሠርታ፣ 192 ላይ ድምፁ እየተቆራረጠ አስቸግሯል። በዚህ ደረጃ ያለ የኦፕቲካል መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚታመነው እስከ 96 ድረስ ስለሆነ፣ ከማሸጊያው ቃል ይልቅ ሙከራውን ማመን ይገባል። ለአገራችን ሙዚቃ ደግሞ ይህ የሚያሳጣን ነገር የለም፤ እጃችን ላይ ያለው ሁሉ ከሞላ ጎደል 44.1 ወይም 48 ነው።

በፉባር በኩል ኮንትሮልና ፒ ሲጫኑ የማስተካከያው መስኮት ይከፈታል። ፕሌይባክ ስር አውትፑት የሚለው ተመርጦ፣ ከመውጫዎቹ ዝርዝር ውስጥ ያው ዲጂታል አውትፑት፣ ነገር ግን በስሙ መጨረሻ ኤክስክሉሲቭ የሚል ቃል የተጨመረበት ይመረጣል። በአዳዲሶቹ የፉባር እትሞች ይህ አብሮ የተሠራ ነው፤ በአሮጌዎቹ ለብቻው የሚጫን ተጨማሪ ክፍል ያስፈልግ ነበር። ከዝርዝሩ በታች የቢቱን መጠን 16 ወይም 24 ማድረግ ይቻላል። እኔ 24 ላይ አስቀምጫለሁ፤ ምክንያቱም የፕሮግራሙን የድምፅ መጠን መቀነስ በ16 ቢት መውጫ ላይ በየ6 ዴሲቤሉ አንድ ቢት ያህል ስለሚበላ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን የፉባርን መጠን ሙሉ አድርጎ፣ ከፍና ዝቅ ማድረጉን በአምፕሊፋየሩ የድምፅ ማዞሪያ መሥራት ነው።

ተጫወት ሲባል አንዳንድ ጊዜ «አንሰፖርትድ ስትሪም ፎርማት» የሚል የስህተት መስኮት ብቅ ይላል፤ በሥሩ የናሙናው ፍጥነት፣ ቢቱና የቻናሉ ቁጥር ተዘርዝሮ ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሁሉንም ነገር ወደ ቀድሞው ይመልሳል። መስኮቱ ግን የሚያስፈራ ሳይሆን የሚረዳ ነው፤ ሳጥኗ ወይም የድምፅ ካርዱ ያልተቀበለውን በቁጥር እየነገረን ነው። ቢቱ ከሆነ ከ24 ወደ 16 ማውረድ፣ ፍጥነቱ ከሆነ በዚያው የፉባር ማስተካከያ ባለው ዲኤስፒ ማናጀር (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚያልፍባቸው ክፍሎች የሚመረጡበት ገጽ) ውስጥ ሪሳምፕለር (የናሙና ፍጥነት ቀያሪ) ጨምሮ ያንን ፍጥነት ብቻ ማስቀየር ይበቃል። ለእኛ ሙዚቃ በተለይ የሚያስፈልገው ሦስተኛው ነው፤ የቻናሉ ቁጥር 1 ሆኖ ከታየ ፋይሉ ሞኖ ነው ማለት ነው። የጥንት የሸክላ ቅጂዎችና ከካሴት የተገለበጡ ብዙ የመሰንቆና የዋሽንት ቅጂዎች እንዲህ ናቸው፤ አንዳንድ የዲጂታል መውጫ ደግሞ ሁለት ቻናል ካልመጣለት አይቀበልም። በዚያው ዲኤስፒ ማናጀር ውስጥ ሞኖን ወደ ስቴሪዮ የሚቀይረው ክፍል ሲጨመር ችግሩ ያበቃል፤ አንዱን ቻናል በሁለት ከመገልበጥ በቀር በድምፁ ላይ የሚያደርገው ነገር የለም።

ውጤቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ለመናገር፣ ጸጥታ መጣ። አምፕሊፋየሩ ከወትሮው ከፍ ተደርጎ ሙዚቃው ሲቆም የሚሰማው ከመስኮቱ ውጭ ያለው ባጃጅ ነው። በገናው ውስጥ የአንዱ አውታር ንዝረት ሳያልቅ ሌላው ሲነሳ፣ የፊተኛው እንዴት እየሳሳ እንደሚሄድ ይሰማል። በመሰንቆ ቅጂ ላይም ደጋኑ አቅጣጫውን በሚቀይርባት ቅጽበት የደጋኑ የፈረስ ጭራ የመሰንቆውን የጭራ አውታር ሲይዝ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ፣ ቀድሞ ከጉርምርምታው ስር ተደብቆ የነበረው፣ አሁን በግልጽ አለ። ይህን ሁሉ ያመጣው የሳጥኗ የመቀየር ብቃት ነው አልልም፤ ሳጥኗ ተራ ናት፤ ያመጣው የመዳቡ መቆረጥ ነው። የተሻለ ውድ መቀየሪያ ያለው ሰው ደግሞ ከዚህ በላይ ዝርዝር ሊያገኝ ይችላል።

ጉድለቶቹን ልናገር። ሳጥኗ ብርሃኑን ዳግም ለመያዝ ቅጽበት ስለምትወስድ፣ የናሙና ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ዘፈኖች ሲከታተሉ የሁለተኛው መጀመሪያ ትንሽ ይቆረጣል። አንድ አልበም ከዳር እስከ ዳር ለሚያዳምጥ ሰው ይህ አይሰማም፤ ከየቦታው የተሰበሰበ ዝርዝር ለሚያጫውት ግን ያበሳጫል፤ መፍትሔውም በሪሳምፕለሩ ሁሉንም ወደ አንድ ፍጥነት ማምጣት ነው። ሌላው፣ ፉባር መውጫውን ለብቻው በያዘበት ሰዓት ብራውዘር ውስጥ የተከፈተ ቪዲዮ በዚያ መውጫ ድምፅ አይኖረውም። እኔ ይህን እንደ ጥቅም ነው የማየው፤ በሙዚቃው መሀል የቴሌግራም ደወል አይገባብኝም። አንድ ኮምፒውተር ለሁሉም ለሚጠቀም ቤተሰብ ግን አስቸጋሪ ነው።

ፊልም የሚያይ ሰው ደግሞ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። እንደ ቪኤልሲ ያሉ ማጫወቻዎች የታመቀ የዶልቢ ድምፅን ሳይፈቱ በዚሁ ብርሃን እንዲልኩ የሚያዝ ማስተካከያ አላቸው፤ ይህች ሳጥን ግን የምትረዳው ያልታመቀ ሁለት ቻናል ብቻ ነው። ያ ማስተካከያ በርቶ ከቀረ ወይ ምንም አይሰማም፣ ወይ ስፒከሩን የሚጎዳ ኃይለኛ የሻሻታ ድምፅ ይወጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሙከራ በፊት የአምፕሊፋየሩን የድምፅ ማዞሪያ ዝቅ ማድረግ ግድ ነው።

ከቴሌግራም የወረደ፣ ተደጋግሞ የታመቀ ኤምፒ3 በዚህ መንገድ አይሻሻልም። ይልቁንም ጉርምርምታው ሲነሳ የፋይሉ ጉድለት ይበልጥ ይጋለጣል፤ ጽናጽሉ እንደ ውኃ ሲንቦጫረቅ፣ የክራሩ ጫፍ ደንዝዞ ሲቀር በግልጽ ይሰማል። ሲዲው እጁ ላይ ያለ ሰው ምንም ሳይቀንስ በግምት በግማሽ ያህል ቦታ በሚያስቀምጠው ፍላክ በተባለው የፋይል ዓይነት ቢገለብጠው፣ ከማንኛውም አዲስ ዕቃ ይልቅ ይጠቅመዋል።

የኦፕቲካል ቀዳዳ የሌለው ላፕቶፕ ላለው ሰው የሚቀረው በዩኤስቢ የሚሠራ መቀየሪያ ነው። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሁለተኛውን የዩኤስቢ ድምፅ ደረጃ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ስለሚያውቅ መሰካቱ ቀላል ነው፤ የፉባሩም አስተካከል ከላይ ከተባለው አይለይም። ሆኖም ዩኤስቢ መዳብ ስለሆነ ጉርምርምታው ሊቀጥል ይችላል። ይህን ለማወቅ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅሎ በባትሪ ማጫወት ይበቃል፤ ሲነቀል ድምፁ ከጠራ ጥፋቱ የመስመሩ ነው፤ እንዲህ ላለ ቤት ከዩኤስቢ ወደ ኦፕቲካል የሚያወጣ መሣሪያ ጨምሮ ያችኑ ሳጥን መጠቀም ያዋጣል።

ለመግዛት የሚሄድ ሰው ሻጩን ሱቁ ውስጥ ካለ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ እንዲያሳየው ይጠይቅ፤ በቀይና በነጩ መውጫ ሁለቱም በኩል እኩል ድምፅ መኖሩንና የኦፕቲካል ቀዳዳዋ ኬብሉን አጥብቃ መያዟን ያረጋግጥ። በእነዚህ ሳጥኖች ላይ ቶሎ የሚላላው ያ ቀዳዳ ነው፤ በቀላሉ የሚወልቅ ከሆነ ከዚያው ከመደርደሪያው ሌላ ማስመረጥ ይሻላል።